የአባቴ ገብስ አልበቅልም ያለ ጊዜ

አባቴ የሞተው ገብሱ ታጭዶ ሳያልቅ ነው። ኅዳር ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ማጭዱን እንደያዘ «ደረቴን» ብሎ ነዶው ላይ ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን ተማሪ ነበርኩ። መርዶው ደርሶኝ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ግማሹን በእግሬ ተጉዤ ከመሐል ሜዳ ማዶ ያለችው መንደራችን ስደርስ ቀብሩ አልፏል፤ የቀረውንም ገብስ ጎረቤት በደቦ አጭዶ ጨርሷል። የበኩር ልጅ ነኝና ትምህርቱን ትቼ እስከ አርባው ድረስ እናቴ አጠገብ እንድቆይ ተወሰነ። ማን እንደወሰነው አላውቅም፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ራሱን በራሱ ይወስናል።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። አርባው ከልደት በዓል በኋላ ስለሚውል ጾሙ አልፎ ሥጋውም ቅቤውም ይፈቀዳል፤ ከጓሳ ወዲህ ያለው ዘመድ ሁሉ ይመጣል ማለት ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው ጠላ ያስፈልጋል፤ ለጠላው ደግሞ ብቅል። እናቴ ብቅሉን አባቴ በእጁ ከዘራው ከአዲሱ ገብስ አበቅላለሁ ብላ ተነሳች።

በአገራችን ብቅል የሚበቀለው ከከረመ ገብስ ነው። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። አዲሱ ለቆሎና ለዳቦ ስለሚፈለግ፣ የከረመው ደግሞ ጎተራ ሥር ስለሚተርፍ ብቻ ይመስለን ነበር። አንዲት ጎረቤታችን «እንደወትሮው አሮጌውን ብትዘፈዝፊ ምን አለበት?» ብትላት እናቴ ተቆጣች።

«ለአርባው ነቀዝ የበላውን ላቅርብለት? የዘራውን ሳይቀምስ የሄደ ሰው ነው እኮ! ሌላው ቢቀር ተዝካሩ ከራሱ ላብ ይሁንለት።»

እኔም ልክ ናት አልኩ፤ ዛሬም ቢሆን በፍቅር የተደረገ ነገር ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ ስለ አጎቴ መናገር አለብኝ። አባቴና ታናሽ ወንድሙ ከጥቂት ዓመታት በፊት በወንዝ ዳር ባለች አንዲት ቁራሽ መሬት ተጣልተው ነበር። የወሰኑ ድንጋይ ከቦታው ተነቅሏል፣ አልተነቀለም ነው ነገሩ። ዳኛ ፊት ቆመው አባቴ ረታ። መርታቱ አልበቃው ብሎ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት እጁን አንስቶ ማለ፦ «የእኔ ገብስ ጠላ ሆኖ በወንድሜ ጉሮሮ ቢወርድ ነፍሴን አይማራት!» አባቴ ሲናደድ እንዲህ ነበር። እኔም ከእሱ የወረስኩት ይህንኑ ነው ይሉኛል፤ እንዲህ የሚሉኝን ሰዎች ግን ብዙም አልወዳቸውም።

እናቴ ሞት መሐላን ይሽራል ብላ አሰበች። ወንድም የሌለበት ተዝካር ከመሐላ የባሰ ነውር ነው። አጎቴ ይጠራል፣ ይመጣል፣ ይጠጣል፤ በዚህ ቆርጣ ነበር።

በታኅሣሥ አጋማሽ ገብሱን ዘፈዘፈችው። ሲያድር ውሃውን አጥልላ፣ በእርጥብ ሣር ጠቅልላ፣ ድንጋይ ጭናበት ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው፤ ቤቱ ስለሚበርድም አሮጌ ባና ደረበችበት። ብቅል ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው ሣሩ ሲገለጥ፣ ፍሬው ነጫጭ ሥር አውጥቶ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ዳቦ ብድግ ይላል። ሽታውም ጣፈጥ ያለ ነው። እናቴ በቀኑ ገልጣ አየችና መልሳ ከደነችው።

«ብርዱ ነው» አለች።

በማግስቱም ገለጠችው። አሁንም «ብርዱ ነው» አለች፤ ድምጿ ግን ሌላ ነበር። እኔም ተጠግቼ አየሁ። ከዚህም ከዚያም አንዳንድ ፍሬ ሥር አቆጥቁጧል፤ የቀረው ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ ድፍን ብሎ ተቀምጧል። ቀኑ ሲገፋ መሻገትና መሽተት ጀመረ። ለዶሮዎቹ ደፋችውና ከሌላው የጎተራው ጥግ ዘግና እንደገና ዘፈዘፈች። በዚህኛው ጊዜ ወደ ብቅሉ ማንም እንዳይቀርብ ከለከለች፤ ዓይን ነው ብላ ጠረጠረች መሰለኝ። ውሃውን ለብ አደረገችው። ድንጋዩን ቀየረችው። እኔም ትምህርት የቀመስኩ ነኝና እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ምድጃው ላይ እንጨት ስጨምር እውል ነበር።

ሁለተኛውም አልበቀለም።

ያን ቀን እናቴ አላለቀሰችም። የተገለጠውን ገብስ እያየች ቆየችና ቀስ ብላ «ከልክሎኝ ነው» አለች። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። መሐላውን እኔም ሰምቻለሁ። የእሱ ገብስ ጠላ ሆኖ ወንድሙ ጉሮሮ እንዳይወርድ፣ ገብሱ ጠላ መሆኑን ራሱ እንቢ አለ፤ ነገሩ በእሷ ዓይን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሊሆን አይችልም። ደብረ ብርሃን ሳይንስ የሚባል ነገር ስማር የቆየሁ ሰው ነኝና መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅኩም። ፈራሁ። ሌሊቱን እንዴት እንደማነጋው ነበር የማስበው።

ጎረቤቷ ብቅል ላበድርሽ ብላ መጣች። እናቴ አመስግና መለሰቻት።

«ከሰው ብቅል ለምኜ ሰውን ማጠጣት አያቅተኝም» አለችኝ ጎረቤቷ ከሄደች በኋላ። «እሱንስ ምን ላድርገው? በራሱ ቃል ታስሮ ይቅር?»

የነፍስ አባታችን ዘንድ ይዣት ሄድኩ። እሳቸው አዛውንት ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጭንቀት ብዙ አይተዋል።

«ልጄ፣ ፍትሐቱ ተደርጎለታል። ነፍስን የሚዳኝ እግዚአብሔር እንጂ ብቅል አይደለም» አሏት።

«አባ፣ መሐላው እኮ አንቱ እየሰሙ ነው የተማለው።»

ቄሱም «እንግዲያስ ስለ እሱ አንቺ ታረቂለት» አሉ። ከዚህ ሌላ ምን ይበሉ? ሴትየዋ እንቅልፍ አጥታለች፣ እህል አልቀመሰችም፤ ቀኑም እየቀረበ ነው። ዛሬ ሳስበው ምክራቸው መልካም ነበር። ያኔ ግን ተናድጄባቸው ነው የወጣሁት።

ሽማግሌ ተላከ። አጎቴ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የወሰኑ ድንጋይ ወደ ጥንት ቦታው ይመለስ። የጥንቱ ቦታ ማለት እሱ ነው የሚለው ቦታ ማለት ነው። ያቺ ቁራሽ ከማሳዎቻችን ሁሉ አፈሯ የወፈረ ነበረች።

«ዳኛ የፈረደልንን መሬት? ለብቅል ብለሽ?» ብዬ እናቴ ላይ ጮህኩ።

«መሬቱ ነው የሚታይህ? አባትህ እሳት ውስጥ ቢሆንስ?»

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ድንጋዩ ተነቅሎ ወደ እኛ ማሳ ገባ ብሎ ተተከለ። አጎቴና እናቴ ተሳሳሙ። እኔም ጉንጩን ሳምኩት፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የሳምኩት፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ።

አጎቴ ከዕርቁ በኋላ አንድ ስልቻ ገብስ በአህያ ጭኖ መጣ። «ከእኔም ቤት ይግባበት፤ ወንድሜ ነው» ብሎ ደጃፋችን ላይ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ለቅሶው የእውነት ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። እናቴ የዕርቅ ገብስ ነው ብላ ወዲያው ዘፈዘፈችው። ቀኑ ደርሶ ሣሩን ስትገልጥ ገብሱ ሥሩን ጠላልፎ ብድግ ብሏል፤ ጣፋጭ ሽታው ቤቱን ሞላው። እልል ልትል ብላ ሐዘንተኛ መሆኗ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። እዚያው ምድጃው ሥር ተንበርክካ ቀረች።

ተዝካሩ ደመቀ። የአባቴ ገብስ ተቆልቶ አሻሮ ሆኖ ጠላው ውስጥ ገባ፤ አጎቴም የመጀመሪያውን ዋንጫ ተቀብሎ ሰው ሁሉ እያየ ጠጣ። መሐላው ተፈታ ተባለ። እኔም ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ፤ ደብረ ብርሃን እስክደርስ ግን ያችን ወንዝ ዳር ያለች መሬት በልቤ እያረስኩ ነበር የሄድኩት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርሻ ልማር ኮሌጅ ገባሁ። ስለ ዘር ፅንስ ሲያስተምሩን መምህራችን የጀመሩት ከጎማ ዛፍ ነው። «ጎማ ይበቅላል እንዴ?» ብሎ አንድ ከእኔ የባሰ ባላገር ጠየቀ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሳቅነውም ቢሆን ጎማን የምናውቀው ከመኪና እግር ላይ ነው። መምህሩ የዛፉ ደም እየተቀዳ ጎማ እንደሚሠራ አስረዱንና ወደ ፍሬው ገቡ። የጎማ ዛፍ ፅንስ በእናቱ ፍሬ ውስጥ ሳለ ሆርሞን በሚባሉ ነገሮች እየታዘዘ ይከፋፈላል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ ስንቁን ይሞላል። መተኛት ግን አያውቅም። ፍሬው ከወደቀ በኋላ ቶሎ አፈር ካላገኘ ፅንሱ ደርቆ ይሞታል።

በሌላ ቀን ገብስ አመጡልን። በምላጭ ለሁለት ከፈልነው። አንደኛው ግማሽ ላይ ፅንሱ አለ፤ ነጥብ የምታህል ነገር ናት። ሌላኛው ግማሽ ፅንስ የለውም፤ ስንቅ ብቻ ነው። ግማሾቹን ስታርች፣ ስንቁ ራሱ የተሠራበት ነገር፣ በረጋባቸው የመስታወት ሳህኖች ላይ ለየብቻ ደረደርናቸው። ከቆዩ በኋላ ስታርችን የሚያጠቁር አዮዲን ስናፈስባቸው ሳህኑ ጠቆረ፤ ፅንስ ባላቸው ዙሪያ ብቻ ነጣ ያለ ክብ ቀረ። ስታርቹ እዚያ ቦታ ላይ ወደ ስኳር ተለውጦ አልቋል። ፅንስ በሌላቸው ዙሪያ ግን ምንም ለውጥ የለም። መምህሩ ከትንሽ ጠርሙስ ፈሳሽ አውጥተው ሌሎች ፅንስ አልባ ግማሾችን አረጠቡልን። በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ እነዚህም ክቡን ሠርተው አገኘናቸው።

«ጂበሬሊን የሚባለው ሆርሞን ነው» አሉ። «ፅንሱ ሲነቃ ወደ ስንቁ የሚልከው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ካልወጣ ስንቁ አይፈታም፣ ሥሩም አይወጣም። እናቶቻችሁ ብቅል ሲያበቅሉ የሚያደርጉት ፅንሱን መቀስቀስ ነው።»

ብቅል ሲሉ ቀና አልኩ።

«የእኛ የደጋ ገብስ ግን የጎማ ዛፍ ተቃራኒ ነው» ብለው ቀጠሉ። «ተኝቶ ነው የሚታጨደው። የሚያስተኛው ሌላ ሆርሞን አለ ይባላል፤ ገና እየተጠና ነው። አዲስ የተወቃ ገብስ ውሃ ቢጠጣም አይነቃም። በተለይ ፍሬው ሲጎመራ ብርድ ካገኘው እንቅልፉ ይጸናል። ሲከርም ግን ይነቃል፤ ያው ገብስ ነው።»

ሌሎቹ ይጽፋሉ። እኔ መጻፍ አልቻልኩም። እጄን አንስቼ «ከሞተ ገብስ በምን ይለያል?» ብዬ ጠየቅኩ፤ የሳቁብኝ አሉ። «በመጠበቅ» አሉኝ መምህሩ። የአጎቴ ገብስ ከአምና የተረፈ፣ መልኩ የጠቆረ፣ አቧራ አቧራ የሚል እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። አባቴ የከለከለው ነገር የለም። ገብሱ ተኝቶ ነበር፤ አለቀ። እኛ ግን ለአንድ የተኛ ገብስ ብለን መሬታችንን አስረክበናል። ለእናቴ ብነግራት፣ ያን ሁሉ ያደረግሽው በከንቱ ነው ማለቴ ነው። ያቺ መሬት ከሄደች ወዲህ ኑሮዋ ጠቧል፤ ሱፍ እየፈተለች ነው የምትደጉመው። ብትሰማ ልቧ ይሰበራል። ባልነግራት ደግሞ አጎቴ ያችን መሬት ሲያርስ ባየሁ ቁጥር አንድ ቀን ከአፌ ያመልጠኛል፤ ራሴን አውቀዋለሁ። የሰው ገመና የያዝኩ ያህል ከበደኝ። ምናልባት መምህሩ ተሳስተው ይሆናል፣ ምናልባት የእኛ ገብስ ሌላ ዓይነት ነው እያልኩ ራሴን ማጽናናት ጀመርኩ።

ለልደት አገሬ ስገባ አዲሱ ገብስ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ራሴ ሳላረጋግጥ እንደማልናገር ቆርጬ ነበርና ከአዲሱ አንድ እፍኝ፣ ከአሮጌው አንድ እፍኝ ወስጄ በሁለት ጣሳ ዘፈዘፍኩ። ውሃውን አጥልዬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ጣሳዎቹን ከመደቡ ሥር ደበቅኳቸው። እናቴ ውሃ ልትቀዳ በወጣች ቁጥር ጎንበስ ብዬ አያለሁ። አሮጌው ማቆጥቆጥ ሲጀምር ልቤ ዘለለ። አዲሱ እንዳለ ነው። ይብቀል እያልኩ እመኝ ነበር፤ ቢበቅል መምህሩ ተሳስተዋል፣ እኔም ዝም እላለሁ፣ ሁሉም በነበረበት ይቀጥላል። አልበቀለም።

አንድ ጠዋት ከውጭ ስገባ እናቴ መጥረጊያዋን ጥላ፣ ሁለቱን ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ቤት ስትጠርግ አግኝታቸው ነው። በአንደኛው ጣሳ ሥሩ ተጠላልፏል። ሌላኛው ድፍን ገብስ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እንደገና?» አለችኝ። «ደግሞ ምን አስቀይመነው ነው?»

«እማዬ፣ ቁጭ በይ።»

«ምን አድርገን ነው? ንገረኝ!»

ጣሳዎቹን ከእጇ ተቀብዬ መደቡ ላይ አስቀመጥኳት። ስንት ጊዜ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝና እንደመጣልኝ ነገርኳት። ገብስ ፍሬ ውስጥ ትንሽ ፅንስ እንዳለች፣ ፅንሷ ስትነቃ ብቻ ፍሬው እንደሚፈታ፣ በብርድ አገር አዲስ ገብስ ተኝቶ እንደሚታጨድ፣ ሲከርም እንደሚነቃ። አባዬ የዘራው ያ ገብስ ገና አዲስ ስለነበር ተኝቶ እንደነበር። እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። ፈጣን ሴት ናት፤ እስክጨርስ አልጠበቀችኝም።

«የአጎትህ ገብስ የከረመ ነበር» አለች።

«አዎ።»

አሁን ስለ መሬቱ ታነሳለች፣ አሁን ደረቷን ትመታለች ብዬ ተዘጋጀሁ። አጎቴን ሄጄ እንዳስመልስ ብትልከኝ ምን እንደምመልስም አስቤ ነበር።

«እንግዲያ እሱ አልከለከለኝም?» አለችኝ።

«አልከለከለሽም።»

«ተቆጥቶ አልሄደም?»

«አባዬ ምንም አላደረገም እማዬ። ገብሱ ነው የተኛው።»

ያልበቀለውን ገብስ ከጣሳው ዘግና መዳፏ ላይ አየችው።

«እኔ እኮ ተቀይሜው ነበር» አለች። «ሞቶ እንኳ ቂሙን አልተወም፣ ከነፍሱ ይልቅ ቂሙን መረጠ ብዬ። ተዝካሩን ደገስኩ፣ ሙት ዓመቱን ደገስኩ፤ ለሰው ዓይን ነው። ከዚያ ወዲህ በጸሎቴ አንድ ቀን ስሙን አንስቼለት አላውቅም።»

ያን ሁሉ ጊዜ ስጨነቅ የቆየሁት ስለ መሬት ነበር። እናቴ ገብሱን ጣሳው ውስጥ መለሰች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ወጣች። ተከትዬያት የቤታችን ደጅ ላይ ስደርስ ዘወር ብላ በእጇ አስቆመችኝ።

«ተወኝ ልጄ» አለች፤ «ይቅርታ የምጠይቀው ብቻዬን ነው።»